የቆጣሪ ኪራይ

ሰፈሩ «መቀሷ» እያለ የሚጠራት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ መቀስ ከእጇ አይጠፋም። ሁለተኛው ግን የክፍያ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ በሯን የሚያንኳኳበት ምክንያት ነው። ሌላው ዐይኑን ጨፍኖ የሚከፍላትን ትርፍ ክፍያ እሷ ከወረቀቱ ጥግ ፈልፍላ ታወጣታለች፤ ካወጣቻት በኋላ ደግሞ ሳታስቆርጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። ጡረታ የወጣው ጎረቤቷ፣ መምህሩ፣ ሰምቶት ለማያውቀው የጥሪ ዜማ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲቆረጥበት እንደነበር ያገኘችው እሷ ናት። «ለመሆኑ ዜማው ምንድን ነው?» ብሎ በስልኳ እንድትደውልለት ለመናት። ደወለች። ሞቅ ያለ የሠርግ ዘፈን ነበር። ባለቤቱ ያረፈች ሰሞን ሊያጽናናው የደወለ ሰው ሁሉ እሱን ሲሰማ እንደከረመ መምህሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ይህን ሙያ ያስተማራት ባሏ ነው። ባሏ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ ይቀበላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል። ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚጽፍ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም «የመጣውን እመዘግባለሁ፣ ወደሚመለከተው አስተላልፋለሁ» ከማለት አልፎ አይናገርም። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የክፍያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ድምሩን አትዪው፤ ድምር ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚከፍል። ነገሩ ያለው መሀል ላይ ነው» አላት። ሌላም ነገር ነግሯት ነበር። «አቤት ካለው ከአስር ሰው ዘጠኙ ከመጀመሪያው ደብዳቤ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። መሥሪያ ቤቶችም ይህንን ያውቃሉ። አንቺ አስረኛዋን ሁኚ።»

ሆነችለትም። የባንኩን የአጭር መልእክት ክፍያ አስቆረጠች፣ ማንም የማያያቸውን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስወገደች፣ ሁለት ቦታ ይከፈል የነበረውን የቆሻሻ ማንሻ አንድ ቦታ አደረገች። ባሏ ማታ ሲገባ «ዛሬስ የማንን ጆሮ ቆረጥሽ?» እያለ ያሾፍባታል፣ እሷም የዕለቱን ድል ትተርክለታለች። ቤታቸው ሀብት የለውም እንጂ ሳቅ ሞልቶበት ነበር።

ከሳቁ ሁሉ ደግሞ አንዱ የራሱ ታሪክ አለው። ሰውዬው ያገባት በደብዳቤ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ዐይቷት፣ በሦስተኛ ሱሪው (ሦስቱም ማጠር የማያስፈልጋቸው ነበሩ) የታጠፈ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ትቶ ሄደ። ወረቀቱ ከላይ «ጉዳዩ፦ ጋብቻን ይመለከታል» ይላል። መሀሉ ላይ ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ መመልከቱን ይገልጻል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ይህን ስጽፍልዎ ቅር እንደማይሰኙ በመተማመን ነው» ብሎ ይፈርማል። መቀሷ ስቃ ስቃ ያን ዕለት የአንዱን ደንበኛ እጅጌ ጫፉን ዘግታ ሰፋችው። ደብዳቤውን አዝራር በምታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከተተችው፣ ቃሉ ግን ጣሳ ውስጥ አልቀረም፤ የቤት ቃል ሆነ። ሳህን ላይ የመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ ስትቀር «ቅር እንደማትሰኚ በመተማመን» ይልና ወደ አፉ ይወረውራታል። እሷም በተራዋ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ስትጎትት ያንኑ ትለዋለች።

እናቷ የምትኖረው ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ጉልበቷ ደክሟል፣ ዐይኗም እንደ ድሮው አያነብም፣ እጇ ግን ደረቅ እንጨት ቢይዝ የሚያበቅል እጅ ነው። ግቢዋን ሞልታ በዘይት ጣሳና በወተት ጣሳ የጽጌረዳና የሎሚ ችግኝ ታፈላለች፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከእሷ ይገዛል። መተዳደሪያዋም፣ አባትየው ከሞተ ወዲህ ጠዋት የምትነሣበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ መቀሷ ጎራ ስትል እናቷ ሳህን ያለቀለቀችበትን ውሃ በባልዲ ይዛ፣ እየተንገዳገደች፣ ለጽጌረዳዎቹ በስኒ ስታድል አገኘቻት። ግማሾቹ ጣሳዎች ባዶ ሆነው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል።

«እማ፣ ምንድን ነው ይሄ? ቧንቧው ተበላሸ?»

«ቧንቧውስ ደኅና ነው። ዋጋው ነው የተበላሸ» አለች እናት። «ችግኞቹ የሚያመጡትን ውሃው ይወስደዋል። እንግዲህ የቀሩትን እሸጥና ጣሳዎቹን ለቆርቆሮ ሰብሳቢ እሰጣቸዋለሁ። ምን ታረጊዋለሽ፣ እኔም እኮ ደክሞኛል።»

ደክሞኛል አባባሏ የደከመ ሰው አባባል አልነበረም። ልጅየዋ የክፍያ ወረቀቶቹን አምጪ አለቻት፤ እናት በትራስ ልብስ ሙሉ አመጣች። ድምሩን ትታ መሀሉን አነበበች። «የቆጣሪ ኪራይ» ይላል። በየወሩ አለ፣ በየዓመቱ ይጨምራል፣ አሁን ከውሃው ዋጋ ሊስተካከል ምንም አልቀረው።

«እማ፣ ቆጣሪው የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የአባትሽ ነዋ! ብስክሌቱን ሸጦ ነው የገዛው። ከዚያ በኋላ ሥራ የሄደው በእግሩ ነው፤ ለዚህ ቆጣሪ ሲል ስንት ጫማ እንደጨረሰ እኔ ነኝ የማውቅ።» ደረሰኙም ጠፍቶ አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከአባትየው ፎቶ ጀርባ፣ ፍሬሙ ውስጥ ተሸጉጦ ነበር። የክፍያ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ደግሞ፣ ማንም ሰው በማያነበው ደቃቃ ፊደል፣ ቆጣሪያቸውን ራሳቸው የገዙ ደንበኞች ኪራይ አይከፍሉም የሚል ተጽፏል። እናቷ ለገዛ ቆጣሪዋ አስራ አንድ ዓመት ኪራይ ስትከፍል ኖራለች።

መቀሷ የባሏ መሥሪያ ቤት ስለሆነ እስከዚያ ቀን የውሃ ወረቀት ነክታ አታውቅም። እሱ ገና ከጅምሩ «ለዘመድ ጣልቃ መግባት ክልክል ነው» ብሏት ነበር፤ እሷም ንጹሕ ሰው አገባሁ ብላ ደስ ነበር ያላት። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ነገሩን ስትነግረው «አንተ እንድትገባበት አይደለም፣ አጻጻፉን ብቻ እየኝ» ነው ያለችው። እሱ ደረሰኙን ተቀብሎ አገላበጠ፤ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ እንደገና አየው።

«ጻፊው፣ አብረን እናርመዋለን» አላት።

ልብስ መስፊያው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ እየነገራት እሷ ጻፈች፤ አንዳንዴ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ቃል ያስተካክላል። መጨረሻ ላይ «በማን ስም ይሁን?» ብላ ጠየቀች።

«በአንቺ ስም ይሁን። እማማን ወረፋ ላይ አቁመን ጉልበታቸውን አናሳምም።»

ስንቱ አማች ነው ለሚስቱ እናት ጉልበት የሚጨነቀው? መቀሷ በሆዷ መረቀችው። ሻይ ስታፈላ ሁሉ በልቧ ትመርቀው ነበር።

በአስራ አምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ፖስታውን ሳትከፍት ይዛው ወደ እናቷ ከነፈች፤ እዚያው ችግኞቹ መሀል ቆማ ጮክ ብላ ታነብላት ጀመር። «ጉዳዩ፦ የቆጣሪ ኪራይን ይመለከታል። ያቀረቡትን አቤቱታ ከሁሉም አቅጣጫ ተመልክተነዋል። ይሁን እንጂ አቤቱታ አቅራቢዋ የውሉ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወራሽ መሆናቸው ስላልተረጋገጠ ጥያቄውን ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን የምንገልጽልዎ፣ ቅር...»

ድምፅዋ ቆመ።

ልብስ ሰፊ ሰው የሌላውን ሰፊ እጅ ያውቃል። ሃያ የታጠፈ ጫፍ ቢደረደርላት ይሄኛው የእገሊት ነው፣ ያኛው የእገሌ ነው ብላ ትለያለች። የዚህን ደብዳቤ ስፌት ለማወቅ ግን ሙያም አላስፈለጋትም። ከደብዳቤው ግርጌ ያለው የክፍሉ ማኅተም ነው፣ የሰው ስም የለበትም። እሷ ግን ክው ብላ ቀረች። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው የገባት፤ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው፣ እና እሑድ ዕለት «በአንቺ ስም ይሁን» ሲላት ምን እያለ እንደነበር።

«ምነው ዝም አልሽ? ቅር ምን?» አለች እናት።

«ቅር እንደማይሰኙ በመተማመን ነው... ይላል፣ እማ። አልተቀበሉንም።»

እናት እርጥብ አፈር የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገች። «ምን ይደረግ። ሰውዬው ግን የተማረ ነው። እንዴት ያለ ጨዋ አነጋገር አለው።»

መቀሷ ቤቷ ደርሳ የአዝራሩን ጣሳ ደፋችው፤ አዝራሩ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ የድሮው ደብዳቤ ከሥር ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ጠበቀችው። የሚሰፋ ልብስ ተቆልሎ ነበር፣ አንዱንም አልነካችም።

ገባ፤ ጫማውን አወለቀ፤ «ዛሬስ የማንን ጆሮ...» ብሎ ጀምሮ አዝራሩን አየ፣ ከዚያ ወረቀቶቹን አየ።

«ይሄ እኮ የመሥሪያ ቤቱ አጻጻፍ ነው» አለ።

«እኔን ያገባኝ መሥሪያ ቤቱ ነው እንዴ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሁሉንም አወጣው። አለቃው የኪራይ አቤቱታ አንድም እንዳያልፍ ብሎ አስጠንቅቋል። አንዱ ካለፈ ቆጣሪ የገዛ ሰው ሁሉ ይጎርፋል፤ ስለዚህ ቀዳዳ ተፈልጎ ይመለስ፣ የሚያሳልፍ ጸሐፊ ደግሞ መጋዘን ወርዶ የተጣለ ቆጣሪ ይቁጠር ተብሏል። «መልስ የምጽፈው እኔ መሆኔን የደበቅሁሽም ለዚህ ነው። አፍሬ ነው። በእማማ ስም ቢመጣ ቀዳዳ የለውም ነበር። መመለስ አልችልም ነበር።»

«ስለዚህ ቀዳዳውን ራስህ ሠራህልኝ።»

«ኪራዩን እኮ እኔ ልከፍልላቸው ነበር! በየወሩ፣ ከኪሴ፣ ሳታውቁ። አስቤበት ነበር።»

«ሌላ ድብቅ ክፍያ?» አለች መቀሷ። ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፏ ወጣ፣ ሳቅ ግን አልነበረም። «ስማኝ። ደብዳቤውን መጻፍህ ሥራህ ነው፤ መጻፍ አለብኝ ብለህ ብትነግረኝ ተጣልቼህ፣ ተሳድቤህ ይወጣልኝ ነበር። እሑድ ግን አጠገቤ ቁጭ ብለህ፣ የእኔን እስክሪብቶ ይዘህ፣ የምወድቅበትን ጉድጓድ ከእኔው ጋር ቆፈርክ። እኔ ጅሏ ደግሞ ለእናቴ ጉልበት አዘነ ብዬ ስመርቅህ ዋልኩ። ሻይ አፈላሁልህ!»

ይቅርታ አለ። ደግሞ አለ። እሷ ጎንበስ ብላ አዝራር ትለቅም ጀመር፤ እሱም ሊያግዛት ሲንበረከክ «ተወው» አለችው። ተወው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አስረኛዋን ሁኚ ያልከኝ ጊዜ፣ ከልብህ ነበር?»

«ከልቤ ነበር።»

«እንግዲያው ነገ መስኮትህ ላይ ጠብቀኝ።»

ለእናቷ አልነገረቻትም። ልትነግራት ፈልጋ ነበር፣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እናት ያን ሰው እንደወለደችው ነው የምትወደው፣ ልጅየዋ ደግሞ ውርደቱ የራሷ ሆኖ ተሰማት። የወራሽነቱ ማስረጃ ፍርድ ቤት ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ያው የትራስ ልብሱ ውስጥ ነበር። ማመልከቻው በእናት ስም ተጻፈ፣ እናት ፈረመች። ጠዋት ልጇ የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው በወተት ጣሳ ያለች አንዲት ጽጌረዳ ይዛ ብቅ አለች።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«የልጄ ባል መሥሪያ ቤት ባዶ እጄን ልሂድ?»

ወረፋው ረጅም ነበር። ጉልበቷ እያመማት እናት ግድግዳ እየተደገፈች አንድ ሰዓት ቆመች። ባልየው ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ የሰው ወረቀት እየተቀበለ ቀና ባለ ቁጥር ያያታል፤ ባያት ቁጥር ማኅተሙን የት እንዳስቀመጠ ይጠፋዋል። ተራቸው ሲደርስ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ልጄ! እዚህ ነው እንዴ የምትቀመጠው?» አለች እናት፤ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «አንተ እያለህልን ነዋ የምንንገላታው!»

«እማማ... ምነው እርስዎ ራስዎ መጡ?»

«ምን ላድርግ? አንዱ የተማረ ሰውዬ ወራሽ መሆናችሁን አላወቅሁም ብሎ ጻፈልን። አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት! ታውቀዋለህ ሰውየውን?»

ባልየው ወደ ሚስቱ አየ። እሷ አንድ ቃል ብትተነፍስለት ያመልጥ ነበር፤ «እማ፣ ሰው ይጠብቃል፣ ቶሎ በይ» ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም። ጽጌረዳዋን ታይ ነበር።

«አውቀዋለሁ፣ እማማ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው እንዳትቆጣው» አለች እናት። «ሥራው ሆኖበት ነው። ብቻ ልጅቷ ለውሃ ሳይሆን ለአባቷ ልፋት ነው የምታለቅሰው በለው፤ ሰው ከሆነ ይገባዋል።» ጣሳዋን በመስኮቱ ልታስገባለት ሞከረች፤ አልገባችም። ከጎኑ «ከተገልጋይ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ወረፋው ላይ ያለ አንድ ሰው ሳቀ። ባልየው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ደረሰኙን አየ፣ የወራሽነቱን ማስረጃ አየ። ቀዳዳ አልነበረውም። የመቀበያ ማኅተሙን ሲመታው ድርብ ሆኖ አረፈ።

መልሱ በአስራ ሁለተኛው ቀን መጣ። መቀሷ እዚያው ጣሳዎቹ መሀል ቆማ አነበበችው። ኪራዩ ተሰርዟል፤ እስከዛሬ የተከፈለውም ለመጪዎቹ ወራት የውሃ ፍጆታ ይታሰባል። እናት እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ በመሀል እንባ አሸነፋትና ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው ጎማው ውስጥ እየተንደቀደቀ ወጣ። ባዶዎቹን ጣሳዎች አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር።

ልጅየዋ ደብዳቤውን እንደገና አነበበችው። መሀሉን፣ ከዚያ መጨረሻውን። «ለትብብርዎ እናመሰግናለን» ይልና ያበቃል። ሌላ ምንም የለም።

«ይኼኛውን ሌላ ሰው ነው የጻፈው» አለች እናት። «ደረቅ ነው።»

መቀሷ ደብዳቤውን አጠፈችው።

በሳምንቱ ባልየውን መጋዘን አወረዱት። አሁን ከሥራ የሚመለሰው እጅጌው ዝገት ነክቶት ነው። ልብሱን ታጥብለታለች፣ የተቀደደውን ትሰፋለታለች። አንዳንዴ አንጀቷን ይበላታል፤ ወዲያው ደግሞ ያ እሑድ ትዝ ይላትና ስላዘነችለት በራሷ ትናደዳለች። የሰፈሩ ሰው ዛሬም ወረቀቱን ይዞ በሯን ያንኳኳል፤ ቆጣሪ የገዙ ዘጠኝ ጎረቤቶች እስካሁን ኪራይ አስቆርጠዋል፣ ማመልከቻቸውን የጻፈችው እሷ ናት። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ አያርምላትም። እሷም አትጠይቀውም።

ራት ሲበሉ ሳህኑ ላይ የመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ ትቀራለች። የባሏ እጅ ወደ ቁራሿ ይሄድና መንገድ ላይ ይመለሳል። መቀሷ ብላት ልትለው ትፈልጋለች፣ ቃሉ ግን አይወጣላትም፤ እሷም አታነሣትም። ጠዋት ደርቃ ስታገኛት ፈርፍራ ለወፎች ትበትናታለች።